የጋሽ አብዱልናስር ስቴሽን

አዲስ አበባ ውስጥ ተበላሽታ የቀረች መኪና የለችም፤ ያለችው ገና ያልተጠገነች ናት። ይህን ከልባቸው የሚያምኑ ሰዎች በየሰፈሩ አይጠፉም። የሚታወቁትም በእግራቸው ነው። ቀሪው አካላቸው መኪና ሥር ስለሚውል ሰላም ስትሏቸው እግራቸውን ነቅነቅ አድርገው ይመልሱላችኋል። ወሰን ሰፈር ውስጥ እኛ ሰላም ስንል የኖርነው የጋሽ አብዱልናስርን እግር ነበር።

ጋሽ አብዱልናስር ኮተቤ መንገድ ዳር የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። መካኒክነት ያስተማራቸው ሰው የለም፤ ያስተማረቻቸው ራሷ መኪናዋ ናት፣ ያውም እየተበላሸች። እኔ በሆዴ «ክቡር ዋና መሐንዲስ» እላቸው ነበር። መኪናዋ አገር ለቆ ከሄደ ሰው የገዟት አሮጌ የጃፓን ስቴሽን ነበረች። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቤንዚን በኩፖን፣ መለዋወጫ በህልም። ስለዚህ ስቴሽኗ ከሌሎች መኪናዎች እየተለቀመላት ትኖር ነበር። ቀኝ በሯ ሰማያዊ፣ ግራ በሯ ነጭ ነው። የኮፈኗን ቀለም ሰፈርተኛው ተከራክሮበት ሳይስማማ ቀርቷል።

አንድ እሑድ የራዲያተሯን ማራገቢያ የሚያዞረው ቺንጊያ ተበጠሰ። ዋና መሐንዲሱ ከቤት አንድ ነገር ይዘው ወጡ፣ ጠመዘዙ፣ ቋጠሩ፣ ሞተሩን አስነሱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ መብሩካ ለሠርግ ሊለብሱ ሲሉ ስቶኪንጋቸውን ያገኙት ሞተሩ ላይ ሲሽከረከር ነው።

«ጣውንት እንዳመጣብኝስ አውቅ ነበር» አሉ፤ «ልብስ መጋራታችንን ግን ዛሬ ገና ሰማሁ!»

ሌላ ጊዜ ደግሞ የጨርቅ ጥቅል የስቴሽኗን ጀርባ ቢያጎብጠው ከተጣለ የጭነት መኪና ክብደት የሚሸከመውን ባሌስትራ ቆርጠው ገጠሙላት። ከዚያ ወዲህ ኋላዋ ወደ ላይ፣ አፍንጫዋ ወደ መሬት ሆኖ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብላ የምትጠጣ በግ መሰለች። ሞተሯ ወርዶ ከባሕር ዛፍ ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሳለ እንኳ «ጋሼ፣ እንዴት ነች?» ስላቸው መልሳቸው ያው ነበር።

«ትንሽ ነው የቀራት!»

በአጥር የሚዋሰኗቸው እማማ ለተጊዮርጊስ ነበሩ። ወይዘሮ መብሩካ ታመው ሆስፒታል በተኙበት ክረምት የእነ ጋሽ አብዱልናስርን ልጆች አብልተው፣ አጥበው፣ አስተኝተው ያከረሙት እሳቸው ናቸው። እማማ በየዓመቱ የካቲት አሥራ ስድስት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ሳይሳለሙ ቀርተው አያውቁም። በዚያ ዓመት ግን ጉልበታቸው ከዳቸው።

«ዘንድሮስ ቀረሁ» አሉ አጥሩን ተደግፈው።

ጋሽ አብዱልናስር ከመኪናዋ ሥር ወጡ። «ማን ቀሩ አለዎት? እኔ አደርስዎታለሁ።»

«በምን?»

«በዚችው።»

እማማ ስቴሽኗን አዩዋት። «ልጄ፣ እሷ እኮ ከእኔም ይልቅ ጉልበቷ አልቋል።»

ያን ሰሞን ደግሞ የጽዳት ዘመቻ ታውጆ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ለይኩን መጣ።

«ጓድ አብዱልናስር፣ ይህ ብረት የሰፈሩን ገጽታ አበላሽቷል።»

«ብረት አይደለችም፤ መኪና ናት።»

«መኪናማ ትሄዳለች።»

«ትሄዳለች። ለኪዳነ ምሕረት እንጦጦ ትወጣለች።»

ጓድ ለይኩን ሳቀ። «እንጦጦ ከወጣች ማንም አይነካትም። ካልወጣች በማግስቱ ብረት ሰብሳቢዎቹ ይወስዷታል።»

በበዓሉ ዋዜማ ካምቢዮዋ ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፣ አንደኛ ማርሽ ጥርሱ ረገፈ። ያለ አንደኛ ማርሽ ደግሞ ያ ዳገት የማይታሰብ ነው። ጋሽ አብዱልናስር ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ለጋራዥ ዞረው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

«ጋሼ፣ ለእማማ ይንገሯቸው» አልኩ። «ምን ይደረግ? ከአቅም በላይ ነው።»

እሳቸው ተመልሰው ሥሯ ገቡ። ብዙ ቆይተው ሲወጡ ግንባራቸው በግራሶ ጠቁሮ ዓይናቸው ግን በርቷል።

«የኋላ ማርሹ ደህና ነው!»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ጉልበቱ ከአንደኛውም ይበልጣል።»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ የሚሄደው ወደ ኋላ ነው!»

«እኔስ መቼ ወደ ፊት አልኩ? ወደ ላይ ነው ያልኩት።»

በበዓሉ ጠዋት የኋላው ወንበር ወጥቶ ፍራሽ ተነጠፈ። እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ኋላው መስታወት ዞረው ተቀመጡ። ሜዳ ሜዳውን በሁለተኛ ማርሽ፣ በቆመች ቁጥር እኔ እየገፋሁ፣ ሽሮ ሜዳን አለፍን። ዳገቱ ሲጀምር ዋና መሐንዲሱ መኪናዋን አዙረው ቂጧን ለተራራው ሰጡ። ጓድ ለይኩን እዚያ ሲጠብቀን አገኘነው፤ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል።

«ለቁጥጥር ነው የመጣሁት» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ወጣን። ጋሽ አብዱልናስር አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ ወደ ኋላ ጠምዝዘው ይነዳሉ። እኔና ጓድ ለይኩን ድንጋይ ይዘን ከጎንና ከጎን እንሮጣለን፤ በቆመች ቁጥር ተንሸራትታ እንዳትወርድ ከጎማው ሥር እናስገባለን። በእግሩ የሚወጣው ምእመን መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ መንገድ ለቀቀ።

ከሁሉ የከፋው ጠመዝማዛ ላይ ሞተሩ ፈላ። ኮፈኗ እንፋሎት ተፋ፣ ፍሬኑ አልይዝ አለና ወደ ገደሉ መንሸራተት ጀመረች። የእኔን ድንጋይ ዘላው አለፈች። ጓድ ለይኩን የራሱን ከጎማው ሥር ወርውሮ በትከሻው ደገፋት። ከዚያ ነጭ የለበሰው ሕዝብ ሁሉ እጁን ኮፈኗ ላይ ጣለ። ቆመች።

«ልጄ፣ ይበቃል» አሉ እማማ ከውስጥ። «ከዚሁ ሆኜ እሳለማታለሁ።»

ጋሽ አብዱልናስር ከአንዱ መንገደኛ የለመኑትን ውሃ ራዲያተሩ ላይ እያፈሰሱ ነበር። እጃቸው ተቃጥሏል። ቀና አላሉም።

«ለመሳለም አይደለም የወጣነው፣ ለመድረስ ነው» አሉ። «ግፉ!»

ገፋን። የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ስንደርስ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ግራ ተጋብተው አዩን።

«ምነው በጀርባ መጣችሁ?»

እማማ በኋላው መስታወት እያለቀሱ ይስቁ ነበር። «በጀርባ የመጣው እሱ ነው፣ አባቴ። እኔንማ ፊቴን ወደ እሷ አድርጎ ነው ያመጣኝ።»

በአንድ ወገን እኔ፣ በሌላው ጓድ ለይኩን ደግፈን አስገባናቸው። ሊቀ መንበሩ ግራ ቀኙን አይቶ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ሲሳለም አየሁት። ለቁጥጥር ይሆናል።

ስመለስ ጋሽ አብዱልናስር መሪያቸውን እንደያዙ ተቀምጠዋል። አንገታቸው እንደተጠመዘዘ ደርቆ ቀርቷል።

«ደስ አላቸው?» አሉኝ።

«አለቀሱ።»

«ጥሩ» አሉና በተቃጠለ እጃቸው የመሪውን አቧራ ጠረጉ።

ማምሻውን እማማን ፍራሻቸው ላይ አስተካክለን ስንነሳ ጓድ ለይኩን በእግሩ መውረድን መረጠ። ብልህ ሰው ነው። እኔ ግን በሩን ከፍቼ ከጋሽ አብዱልናስር አጠገብ ተቀመጥኩ። የእንጦጦ ቁልቁለት ከፊታችን ተዘርግቷል፤ ስለ ፍሬኑ አንድም ቃል አልጠየቅኳቸውም።