በሰው ፈንታ የሚቀየም ሰው

በሰው ፈንታ የሚቀየም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አዳማ ላይ ገጥሞኛል። ለገበሬዎች የሽንኩርት ዋጋ በአጭር መልእክት የሚናገር ፕሮግራም ሠርቼ፣ ማንም በነጻ እንዲወስደውና እንዲያሻሽለው ኮዱን ክፍት አድርጌ ለቀቅኩት። ዘመናዊ ስልክ ስለማይፈልግ ስሙን «ፋራ» አልኩት።

ታዲያ ሽንኩርትን ከወጥ ውስጥ በቀር አይቶ የማያውቅ አንድ የከተማ ልጅ፣ በፕሮግራሙ የአስተያየት ገጽ ላይ «ገበሬውን ሰድበሃል፤ ስሙን ባስቸኳይ ቀይር!» እያለ በየቀኑ ይጽፍልኝ ጀመር። መጀመሪያ ሳቅኩ። በኋላ ግን ደነገጥኩ። እውነቱን ቢሆንስ? የማገለግለውን ሰው ስሰድብ ከርሜ ይሆን እንዴ?

ሚኒባስ ተሳፍሬ ደራ ሄድኩ። ፕሮግራሙን ከሁሉም ቀድመው የተጠቀሙት ገበሬ ኦቦ ቱፋ ማሳቸው ላይ ነበሩ። ለይቅርታ አንገቴን ደፍቼ፣ «ኦቦ ቱፋ፣ ፋራ የሚለው ስም አስቀይሞዎታል?» አልኳቸው።

«እኔን? ለምን ብዬ?» አሉ ግራ ተጋብተው። «የሠራው ሰው የራሱን ስም የጻፈበት መስሎኝ ነበር እኮ!»

እፎይ! እንደዚያን ቀን ቀሎኝ አያውቅም። አዳማ ስመለስ ለቅሬታ አቅራቢው እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «ተሰዳቢው ተገኝቷል። እኔው ነኝ። አልተቀየምኩም።»