ማክ፣ ዊንዶውስና የልጄ ቀለበት

ሰው ስለማያውቀው ነገር ሲከራከር የሚያወጣውን ጉልበት ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚያውቅ ሰው ረጋ ይላል። «እሱስ እንደ ሁኔታው ነው» ይላል፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ ጠርጎ መልሶ ያደርጋል። የማያውቅ ግን እንዲህ ለማለት ጊዜ የለውም፤ ከወንበሩ ብድግ ይላል፣ ጠረጴዛ ይመታል፣ በሞተ አባቱ ስም ይምላል። እኔ ራሴ ስድሳን በተሻገረ ዕድሜዬ፣ አንድም ቀን ከፍቼው ለማላውቀው ኮምፒውተር ስል ከሰው ጋር ሰላምታ አቋርጫለሁ። ያውም ከማን ጋር? ልጄን ለልጃቸው ካጩ ሰው ጋር!

ልጄ ኦሪት ሥዕል ታንቀሳቅሳለች። እንጀራ የሚያበላ ሥራ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል። የግዴታ ውትድርናዋን ጨርሳ ከእስራኤል ሠራዊት ስትወጣ ባለቤቴ የሺ ልጅቷ ነርስነት እንደምትማር ለሠፈራችን ለአሚሻቭ ሰው ሁሉ ተናግራ ጨርሳ ነበር፤ ኦሪት ግን ሄዳ አኒሜሽን ተማረች፤ የሺም ለጎረቤቱ ማስተባበያ ስትሰጥ ከረመች። እዚያው ትምህርት ቤት ነው ዳንኤልን ያገኘችው። እሷ ሰውየውን ትስለዋለች፣ ዳንኤል ደግሞ እንዲራመድ፣ እጁን እንዲያወዛውዝ፣ አፉ ከድምፁ ጋር ገጥሞ እንዲናገር ያደርገዋል። አንዱ የፈጠረውን ሌላው ነፍስ እየዘራበት አብረው ሲውሉ ባይፋቀሩ ነበር የሚገርመው።

እኛ የጎንደር ነን፤ የዳንኤል ወላጆች ከትግራይ ናቸው። አባቱ አቶ ሀጎስ ትግርኛውንም አማርኛውንም ዕብራይስጡንም አጣርተው የሚናገሩ፣ ሲቆጡ ግን ሦስቱንም ባንድ ትንፋሽ የሚጨርሱ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከሠፈራችን ወደ ጎረቤቱ ከተማ ወደ ጋኔይ ቲክቫ መውጫ ላይ ነው። ቀለበቱ በሰላም ታሰረ። በክብ የሚዞረውም ትከሻ የሚመታውም በአንድ አዳራሽ ተጨፈረ፤ እኔና አቶ ሀጎስ እየተቃቀፍን ፎቶ ተነሳን።

ከዚያ ሥራ መጣ። በሠፈሩ ያለ አንድ ክሊኒክ የስኳር በሽታ ላለባቸው አዛውንቶቻችን በአማርኛ አጭር ፊልም ሥሩልን አላቸው። መድኃኒቱ መቼ ይዋጣል፣ እግር ለምንድን ነው በየቀኑ የሚታየው፣ ጣፋጭ ሻይ ምን ያመጣል፣ እንዲህ ያለውን የሚያስረዳ። የሁለቱ የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ደህና ካደረጉት ሌላም ይከተላል። ለዚህ የሚሆን አንድ ጠንካራ ኮምፒውተር በጋራ ሊገዙ ተስማሙ። ስምምነታቸው እዚህ ላይ አለቀ።

ኦሪት «ማክ» አለች። የተማርኩት በእሱ ነው፣ ቀለሙን አምነዋለሁ፣ የመሳያው ብዕርም እጄን ይሰማል አለች። ዳንኤል «ዊንዶውስ» አለ። አፍ የማንቀሳቅስበት ተጨማሪ ፕሮግራም የሚሄደው በእሱ ላይ ብቻ ነው፣ ደግሞም አንድ ዕቃ ቢደክም ከፍቼ ራሴ እቀይረዋለሁ አለ። እንደምታዩት ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ምክንያት ያላቸው ሰዎች ቁጭ ብለው ተነጋግረው ይጨርሱት ነበር። ችግሩ እኛም መግባታችን ነው።

መጀመሪያ የገባችው የሺ ናት። «ዛሬ ኮምፒውተሯን ካስጣላት ነገ እኔንም ያስጥላታል» አለች። እኔም የቤቱ አባወራ ነኝና ነገሩን በለሰለሰ አንደበት ላበርድ ለአቶ ሀጎስ ደወልኩ።

«አቶ ሀጎስ፣ እንደምን ዋላችሁ? ስለዚያ ስለ ማኩ ጉዳይ…»

«አቶ ታደለ» አሉኝ፣ ሳልጨርስ፣ «የእኛ ቤት ዊንዶውስ ነው። ከጥንትም ዊንዶውስ ነው።»

«ከጥንትም?»

«ከጥንትም!»

አቶ ሀጎስ በስልካቸው መልእክት ሲመጣ ለማንበብ እንኳ ዳንኤልን የሚጠሩ ሰው ናቸው። ይህን አውቃለሁ። ግን እኔስ ምን የተሻልኩ ነበርኩ? በማግስቱ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የሠፈር ሰው ሲጠይቀኝ ራሴን እየነቀነቅሁ «ለቀለም ማክ ነው እንጂ» እል ነበር። ስለ ቀለም የማውቀው የሳሎናችንን ግድግዳ ነጭ መቀባቴን ብቻ ነው። ጠያቂው ግን አመነኝ። እሱም ወንድሙ ዘንድ ሄዶ «ለቀለም ማክ ነው» እንዳለ በኋላ ሰማሁ። እውቀት የሚባለው ነገር ከሠፈር ሠፈር የሚዞረው በዚህ መንገድ ሳይሆን አይቀርም።

ቀልዱ ግን ብዙም አልቆየም። ዳንኤል ሰንበት ሲገባ እኛ ዘንድ መምጣቱን ተወ። ኦሪት ስልኳን ገልብጣ ታስቀምጥ ጀመር። አንድ ቀን ማንኪያ ላወጣ መሳቢያውን ስስብ ቀለበቷን ከሹካዎቹ መሐል አገኘሁት። በረንዳ ላይ ቆማ ስለነበር አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

«ልጄ፣ ለአንድ ኮምፒውተር ብለሽ?»

«አባ፣ ዳይ» አለችኝ፤ በቃህ ማለቷ ነው። ከዚያ ግን ቀጠለች፤ ይህን ያህል አማርኛ ተናግራኝ አታውቅም። «ኮምፒውተሩ አይደለም። ማሽኑ የእሱ ዓይነት ከሆነ እሱ ቤት ይቀመጣል። እሱ ቤት ማለት እናቱ ቤት ነው። ከተጋባን በኋላም እዚያው እንድንሆን ይፈልጋሉ። እኔ በገዛ ሥዕሌ እንግዳ እሆናለሁ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ስለ ማክ ስንሟገት የከረምነው ልጆቹ የት ይኖራሉ በሚል ጥያቄ ላይ ቆመን ነው። ያንን ጥያቄ ጮክ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እሱን ከመጠየቅ ስለ ማሽን መጣላት ይቀላላ!

ሽማግሌ አስቀመጥን። ሌላ ምን እናውቃለን? አባ ፈረደ ተጠሩ። አባ ፈረደን በከተማችን በፔታህ ቲክቫ የማያውቅ የእኛ ሰው የለም፤ ያስታረቁት ባልና ሚስት ብዙ ነው፣ የስኳር ሕመምም አለባቸው፣ ጣፋጭ ሻይም አይተዉም። እሑድ ከሰዓት ሳሎናችን ውስጥ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከመሐል ተቀመጡ፤ በአንድ ወገን እኛ፣ በሌላው ወገን እነ አቶ ሀጎስ። ሁሉንም ሰሙ። እኔ ስለ ቀለሙ ተናገርኩ፣ አቶ ሀጎስ ስለ ጥንቱ ተናገሩ፣ የሺ አለቀሰች። አባ ፈረደ አንገታቸውን ደፍተው ረጅም ጊዜ ካሰቡ በኋላ ቀና አሉ።

«ሁሉን ሰምቻለሁ» አሉ። «ግን ይህ ማክ የሚባለው ልጅ ራሱ ለምን አልመጣም? የማን ልጅ ነው?»

ለካስ አባ ፈረደ ያን ሁሉ ሰዓት ሲያዳምጡ የነበሩት፣ ኦሪት ዳንኤልን ትታ ማክ የተባለ ሌላ ጎረምሳ መርጣለች ብለው ነው! ለነገሩ የተናገርነውን መለስ ብላችሁ ብታስቡት አይፈረድባቸውም፤ «ልጄ ማክን ነው የምትፈልገው፣ ከእሱ ጋር ነው ያደገችው፣ እጇን ይሰማል» ብያለሁ እኔው በአፌ።

ቀድማ የሳቀችው ኦሪት ናት። አፏን በእጇ ልትይዘው ሞከረች፣ አመለጣት። ዳንኤል ተከተላት። በእንባ እስኪታጠቡ ሳቁ። ከስንት ቀን በኋላ ዓይን ለዓይን መተያየታቸው ነበር። ዳንኤል እንደምንም ትንፋሹን ሰብስቦ «አባ፣ ማክ ልጅ አይደለም፣ ኮምፒውተር ነው» አላቸው።

«ኮምፒውተር?» አሉ አባ ፈረደ። ደነገጡ፣ ቀጥሎም ተቆጡ። «ለኮምፒውተር ነው ከአልጋዬ ያስነሳችሁኝ?» ወዲያው ፈረዱ፦ ማንም ምንም አይግዛ፣ እያንዳንዱ በያዘው በአሮጌው ይሥራ። ተነሥተው ሊሄዱ ሲሉ ኦሪት በረንዳ ላይ ለእኔ ያለችኝን ለሁሉም ተናገረች። ዳንኤል ሰምቶ ቀላ። «ለምን አልነገርሽኝም? እኔም እኮ እዚያ መኖር አልፈልግም!» አለ። እናቱ ይህን ስትሰማ ያሳየችውን ፊት እዚህ አልገልጸውም። ብቻ ልጆቹ ከሁለታችንም ቤት እኩል የሚርቅ ቦታ ሊከራዩ ወሰኑ፤ ሁለቱ እናቶችም እኩል ተቀየሙ። ዕርቅ ማለት ይኸው ነው።

ሥራውን ቀጠሉ። እሷ በማኳ ትስላለች፣ ትልክለታለች፤ እሱ በዊንዶውሱ ያንቀሳቅሳል፣ ይመልስላታል። ሥዕሉ ሲመላለስ ምንም አልሆነም፤ የአማርኛው ጽሑፍ ግን ሲሻገር ሁሉ ተራ በተራ የተደረደረ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣል። «ከምግብ በፊት» የነበረው ሣጥን ሣጥን ሣጥን። የፊደሉን ፎንት በሁለቱም ላይ ሲጭኑ ተስተካከለ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ኦሪት አልወደደችውም። «የማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ ይመስላል፤ የእጅ ጽሑፍ ይሁን፣ እኔ እስለዋለሁ» አለች።

ግን ልጄ ፊደል አታውቅም። ስንት ጊዜ ላስተምራት ሞክሬ ሸሽታኛለች። አሁን በገዛ እጇ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። አቶ ሀጎስም ተጠሩ፣ መጡ። እኔ በወረቀት ላይ «ሐኪም» ብዬ ጻፍኩ፣ እሳቸው አጠገቡ «ሀኪም» ብለው ጻፉ። ተያየን። «ይሄ በሐመሩ ሐ ነው» አልኩ። «ለአዛውንት ቀላሉ ይሻላል» አሉ። ድምፃችን ከፍ ማለት ሲጀምር ኦሪት ብዕሯን አነሣች።

«አባ፣ የአንተ ፊደል ቁጡ ነው። የአቶ ሀጎስ ደግሞ እንቅልፍ ይዞታል» አለችና ከሁለቱም ወስዳ የራሷን ሳለች። «ሐ»ዋ እግሮቿን ዘርግታ የተቀመጠች ሴትዮ ትመስል ነበር። ዳንኤል ያችን «ሐ» ስትራመድ አሳየን፤ እኔና አቶ ሀጎስ እንደ ሕፃን ደግመህ አሳየን እንለው ነበር። ልጄ የሀገሯን ፊደል የለየችው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስለ ስኳር በሽታ እየጻፈች።

ፊልሙ ተጠናቀቀ፣ ክሊኒኩም ወደደው። በታየበት የመጀመሪያ ቀን ሁላችንም የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ሄድን። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን በራ፣ ኦሪት የሳለችው ሽማግሌ ብቅ አለ፣ አፉ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ድምፅ የለም። ዳንኤል ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ሄዶ ጠየቀ። እዚህ ቴሌቪዥኑ ሁልጊዜ ድምፅ የለውም፣ ድምፁ ስልክ አያሰማንም አለችው። «በሰደር፣ ጽሑፉ አለ አይደል?» ብላ አጽናናችው፤ በሰደር ደህና ነው ማለት ነው። ጽሑፉማ አለ! ያ ሁሉ የተደከመበት፣ እግሯን የዘረጋችው «ሐ» ሁሉ አለ። ከሥሩ የተቀመጡት አዛውንቶች ግን አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። ይህን እኔም፣ አቶ ሀጎስም፣ የሺም እናውቅ ነበር። ያሰበው ግን የለም፤ ስለ «ሐ» ነበራ የምንከራከረው።

ኦሪት ከንፈሯን ነከሰች። ያን ጊዜ ከፊተኛው ወንበር ላይ አባ ፈረደ ጭራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አነሡ። እሳቸውም ቀጠሮ ነበራቸው።

«ይኸውላችሁ፣ ይህ ሰውዬ የወገራ ሰው ነው» አሉ ጮክ ብለው። «ሚስቱ ሞታበታለች። ለዚህ ነው ብቻውን የሚበላው።» ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሰውዬው ክኒን አነሣ። «አሁን መድኃኒቱን ከበላ በኋላ ሊውጥ ነው» አሉ አባ ፈረደ፤ ከሰውዬው ራስ በላይ ደግሞ በኦሪት ቆንጆ ፊደል «ከምግብ በፊት» ተጽፏል። ነርሷ፣ እሷም የእኛው ልጅ ናት፣ ከውስጥ እየሮጠች ወጣች።

አባ ፈረደን ዝም ማሰኘት እንደማይቻል ነርሷ ቶሎ ተረዳች፤ ደግሞም ሰው ሁሉ ያለ እሳቸው ፊልሙን አላይም አለ። ስለዚህ እኔን ለመነችኝ። አሁን አዛውንቶቹ በሚመጡበት ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት አባ ፈረደ አጠገብ እቀመጣለሁ። የሰውዬውን ታሪክ እሳቸው ይናገራሉ፤ ሰሞኑን ሰውዬው ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ነው። መድኃኒቱን እኔ እናገራለሁ። ልጆቹ ተጋብተዋል፣ ሌላ ሥራም አግኝተዋል፤ እስካሁንም እሷ በማኳ፣ እሱ በዊንዶውሱ። የስኳር ፊልማቸው በየትኛው ላይ ይሻላል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ግን አልጠፋም። በእኔ ላይ ነው የሚሠራው እለዋለሁ፤ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉሮሮዬ ደህና ከሆነ።