የክቡር አትንኩ ጆሮ

የሁሉም የሆነ ነገር ሁሉ አንድ ባለቤት አለው። ባለቤቱ የገዛው ሰው አይደለም፣ ፈርሞ የተረከበውም አይደለም፤ «አትንኩ» የሚለው ሰው ነው። የሕንፃው ሊፍት፣ የቢሮው ማባዣ ማሽን፣ የሰፈሩ የውኃ ፓምፕ፣ እያንዳንዳቸው እንዲህ ዓይነት ሰው አላቸው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ቁልፉ ወገቡ ላይ ነው። ገና ከሩቅ ስትመጡ ያያችኋል፤ ምን እንደምታበላሹም ከእናንተ ቀድሞ ያውቃል።

የኛ መሥሪያ ቤት የአየር ትንበያ ይሠራል። ዝናቡ መቼ እንደሚጥል፣ ወንዙ መቼ እንደሚሞላ የምታሰላልን አንዲት ትልቅ ኮምፒውተር አለችን። አንዲት ስላልኩ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ እንዳትመስላችሁ። ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ጥቁር ሰርቨሮች በረድፍ በረድፍ ቆመው አንድ ሰፊ ክፍል ሞልተዋል፤ አንዱን ስሌት ተካፍለው ሌት ተቀን ይሠሩታል። ሲሠሩ ስለሚግሉ ከወለሉ ሥር ቀዝቃዛ አየር ይነፍስባቸዋል፤ በየሆዳቸው ያሉት ማራገቢያዎች ደግሞ ያለ ዕረፍት ያጓራሉ። የዚህች ማሽን ጠባቂ፣ ሐኪም፣ ጠበቃና ሞግዚት ክቡር አትንኩ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። እሳቸው እስከ ዛሬ አያውቁትም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ክቡርነታቸው ውጪ አስፋልቱ ሲቀልጥ ወፍራም ካፖርት ለብሰው ይታያሉ። ክፍሉ ብርድ ነዋ። ሻይ ይዞ በዚያ ኮሪደር ያለፈ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተጠርጣሪ ነው። አንድ ጊዜ ዋና ዳይሬክተራችን እንግዶች አስከትለው ገቡና እያስረዱ ሳለ ሳያስቡት አንዱን ሰርቨር ተደገፉ። ክቡር አትንኩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ጌታዬ፣ እጅዎን» አሉ። ዳይሬክተሩ ሌባ ይመስል እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ገለጻውን ጨረሱ።

እኔ ራሴ ብዙ ተከራክሬያቸዋለሁ። ሥራዬ የወንዞችን ሙላት ማስላት ስለሆነ ስሌቴ ሁልጊዜ አስቸኳይ ነው። እሳቸው ዘንድ ግን አስቸኳይ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ወረፋ ነው። «ጠብቅ። እሷ ሰው አታበላልጥም» ይሉኛል። ማሽኗን «እሷ» ነው የሚሏት፤ ባለቤታቸውንም «እሷ» ስለሚሉ፣ «ትናንት ትኩሳት ነበራት» ሲሉ ስለየትኛዋ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

ከሕጎቻቸው ሁሉ የጠበቀው ግን የጆሮው ሕግ ነበር። በሩ ላይ የጆሮ መሸፈኛዎች ተሰቅለዋል። ያንን ሳያጠልቅ የገባ ሰው የለም፤ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪው እንኳ ከደጅ ተመልሷል። «ጆሮ መለዋወጫ የለውም» ይሉናል። ራሳቸው ግን አድርገው አያውቁም። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «እኔ ከሸፈንኩ ማን ይሰማታል?»

ይሰሟትም ነበር። በረድፎቹ መካከል አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንዲት ማራገቢያ ስታቃስት ይለያሉ። «ይቺ አኩርፋለች» ብለው ከፍተው ይቀይሯታል። በኋላ በኋላ ደግሞ አዲስ ልማድ አመጡ። መዳፋቸውን በያንዳንዱ ሰርቨር ላይ እያሳረፉ ማለፍ ጀመሩ። ለሰው አትንኩ ይላል፣ እሱ ግን ይደባብሳታል ብለን ሳቅን።

ጠባያቸውም ባሰ። «ደህና አደርክ» ሲሉ ጠብ የሚጀምሩ ይመስላል። ከኋላ ሰላም ብትሏቸው ዘወር አይሉም። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉን ብለን እኛም አኮረፍን። አንድ ቀን ባለቤታቸው፣ እሳቸው የረሱትን መነጽር ይዘው መጥተው፣ በር ላይ አገኘኋቸው። «ቤት ውስጥ ይጮህብኛል» አሉኝ መሬት መሬት እያዩ። «ምን እንዳስቀየምኩት እንጃ። ስጠይቀውም አይመልስልኝም።» እኔም ሽማግሌም ሆነ ወጣት፣ ሰው በክብር ሲጠግብ እንዲህ ነው ብዬ አለፍኩ።

በዚህ መሃል አዲስ የክፍል ኃላፊ መጣችልን። መሐንዲስ ናት፤ ለሰው ክብር ያላት፣ ቃሏንም የማታጥፍ። በመጀመሪያው ስብሰባ፣ «ማሽን ክፍል የሚገባ ሰው ሁሉ ጆሮው ይመረመራል። የተጎዳ ካለ ከዚያ በኋላ አይገባም» አለች። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ክቡር አትንኩም የጎረቤታቸውን ራስ አይተው ነቀነቁ። በኋላ ነው ለሁሉም የተሰጠውን ማስታወቂያ ሲያነቡ ፊታቸው የተለወጠው። ከዚያ ክፍል ከወጡ ምን እንደሚቀራቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ምንም።

ምርመራው ሳይደርስ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ ስለ ወረፋዬ ልሟገት ገባሁ። በዚያን ሰዓት ማሽኗ ላይ የነበረው ስሌት የትልቁ ወንዝ ሙላት ነው፤ ወንዙ ዳር ያሉ መንደሮች ይውጡ አይውጡ የሚወሰነው በሱ ነበር። መሸፈኛዬን አጥልቄ እንኳ አንድ ድምፅ ጥርሴ ድረስ ገባ። ብረት ብረትን ሲፈጭ የሚወጣው ዓይነት ሲጥታ ነው። ክቡር አትንኩ ድምፁ ከሚወጣበት ሰርቨር አጠገብ ቆመዋል። አንገታቸውን ዘንበል አድርገዋል፤ ፊታቸው የተረጋጋ ነው።

ወደኔ ዞረው፣ «ዛሬ ሰላም ናት፣ ልጄ» ብለው ጮኹ።

ሰርቨሩን በጣቴ አሳየኋቸው። ጣቴን አዩ፣ ከዚያ ፊቴን አዩ። ቆይተው መዳፋቸውን ሰርቨሩ ላይ አሳረፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይደባብሷታል ያልነው ያን ጊዜ ገባኝ። በእጃቸው ነበር የሚሰሙት። በዚያን ቀን ግን መዳፋቸው እዚያ ሰርቨር ላይ ገና አላረፈም ነበር።

ስሌቱ ሳይቋረጥ የተበላሸችውን ማራገቢያ አውጥተው በሌላ ተኩ። ከዚያ ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን።

«መጀመሪያ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ጠፋ» አሉኝ። «እኔ እሷ የዳነች መስሎኝ ነበር። ማቃሰቷን ተወች ብዬ ደስ አለኝ እኮ።»

አንጀቴን በሉት። አፌን ወደ ጆሯቸው አስጠግቼ፣ «ለማንም አልናገርም» አልኳቸው። ከልቤ ነበር። ግን አፌን ሳልዘጋ ወንዙ ትዝ አለኝ፤ እዚያ ዳር የሚያድሩት ሰዎች የኔ ይሉኝታ አይጠቅማቸውም። «እሷስ፣ ጋሼ? ሌላ ቀን እኔ ባልኖርስ?» አልኩ።

ካፖርታቸውን ቆለፉና፣ «ና፣ አብረኸኝ ግባ» አሉኝ።

ኃላፊዋ ቢሮ ገብተን በሩን ገርበብ አደረግሁት። ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ሊነግሯት ፈለጉ። በሳቸው ሹክሹክታ፣ «ጆሮዬ ሄዷል፣ ልጄ፤ እሷን መስማት አልችልም» ሲሉ ሕንፃው በሙሉ ሰማ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ስናሾፍባቸው የኖርን ሁሉ አንገታችንን ደፋን። ኃላፊዋ ተነስታ ወንበሯን ሰጠቻቸው።

ምርመራውም ያንኑ አረጋገጠ። አሁን ከማሽን ክፍሉ በመስተዋት ብቻ በሚለየው ቢሮ ተቀምጠው ሙቀቷንና ወረፋዋን ከስክሪን ይከታተላሉ። መግባት ግን ክልክል ነው። ጆሯቸው ላይ ትንሽ መስሚያ ተደርጎላቸዋል፤ ባለቤታቸው ሰሞኑን፣ «አሁን እኮ ያዳምጠኛል» ብለውኛል። የጠዋቱን ዙር ሌላ ሰው ይዙር ሲባል፣ ያን ሰው ልምረጥ አሉ። በወረፋዋ ከማንም በላይ ሲነዘንዛቸው የኖረውን እኔን መረጡ።

በመጀመሪያው ቀን ካፖርቱን ራሳቸው አለበሱኝ። መሸፈኛውንም በገዛ እጃቸው ጆሮዬ ላይ አጥልቀው ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረጉት።

«ታዲያ እንዴት እሰማታለሁ?» አልኩ።

«አንተ አትስማት። ጆሮህን ጠብቅ።»

ገባሁ። መጀመሪያው ሰርቨር ፊት ቆሜ እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ለስንት ዓመት አለመንካትን የለመደ እጅ ነው፤ እንቢ አለኝ። መስተዋቱ ሲደለቅ እግሬ ሥር ተሰማኝና ዞርኩ። ክቡር አትንኩ ግንባራቸውን መስተዋቱ ላይ አስደግፈው አንድ ቃል ደጋግመው ይላሉ። ድምፃቸው አይሰማም። ከንፈራቸውን ግን አነበብኩት።

«ንካት» ይላሉ። «ንካት፣ ልጄ።»

መዳፌን አሳረፍኩባት። ሞቅ ብላ፣ ቀስ ብላ ትንቀጠቀጣለች። ዘወር ብዬ በመስተዋቱ በኩል ራሴን ነቀነቅሁላቸው፤ ደህና ነበረች።