ቦይ ውስጥ የሚወድቀው ሰውዬ

[የሟቹ ፊልም ሠሪ የሥራ ክፍል። ቀን ነው፤ መጋረጃው ግን ተዘግቷል። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ ለትምህርት ቤቶች ፊልም ሲሠራ ነው የኖረው፦ መንገድ እንዴት እንደሚሻገሩ፣ ውሃ እንዴት እንደሚያፈሉ፣ መሰላል እንዴት እንደሚወጡ። ሴት ልጁ ሰነድ ጠባቂ ናት። የአባቷን ሕይወትና ሥራ ስታጠና ሰንብታ፣ ነገ በመታሰቢያው ላይ ልትናገር ነው። አጎቷ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ፕሮጀክተሩ አጠገብ ተቀምጦ አፉን በመሐረብ አፍኗል።]

ሰነድ ጠባቂዋ፦ ጋሼ፣ አትሳቅ ብዬሃለሁ!

አጎት፦ እኔ መች ሳቅሁ?

ሰነድ ጠባቂዋ፦ ታዲያ ትከሻህን ምን ነካው?

አጎት፦ እሱ ብቻውን ነው የሚስቀው። እኔ ዝም ብያለሁ።

ሰነድ ጠባቂዋ፦ የምናየው የአባቴን ሥራ ነው። ቁም ነገር ነው!

አጎት፦ ሰውዬው ቦይ ውስጥ ገባ እኮ!

ሰነድ ጠባቂዋ፦ እንዴት አይገባ? ቦዩ እግሩ ሥር፣ እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማይ ሰማይ ያያል!

አጎት፦ [እንባውን እየጠረገ] አመሉ ነው።

ሰነድ ጠባቂዋ፦ በሁሉም ፊልም ላይ ያው ነው። ያን ጢሙንና ያን ቦርጩን ይዞ ከካሜራው ጎን እያለከለከ ይሮጥና ይገባል፣ ሰማይ ያያል፣ ከዚያ ወይ ቦይ ውስጥ ወይ ቀለም ባልዲ ውስጥ ነው። ስሙ የትም አልተጻፈም። «ማንነቱ ያልታወቀ ሞኝ» ብዬ መዝግቤዋለሁ።

አጎት፦ ያልታወቀ! [ይንከተከታል] ምነው ይሄን በሰማ!

ሰነድ ጠባቂዋ፦ በሕይወት አለ እንዴ?

አጎት፦ [ሳቁ ድርግም ይላል] ምነው ልጄ፣ እንዲህም ይጠየቃል?

ሰነድ ጠባቂዋ፦ ሞቷል ማለት ነው። ነፍስ ይማር። ቢሆንም ከፊልሙ መቆረጡ አይቀርለትም።

አጎት፦ [አተኩሮ እያያት] ሰሞኑን እንቅልፍ አልተኛሽም መሰለኝ።

ሰነድ ጠባቂዋ፦ እንቅልፉን ተወውና ይሄን ተመልከት።

[አንሶላው ላይ ኮት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል፣ መንገዱን ቀስ ብሎ ይሻገራል።]

ሰነድ ጠባቂዋ፦ ሰው ማለት ይሄ ነው! እርጋታውን፣ ግርማውን እየው!

አጎት፦ [አንገቱን ደፍቶ] ተይ እንጂ ልጄ፣ አታሳፍሪኝ።

ሰነድ ጠባቂዋ፦ ምን ያሳፍራል? ያኮራል እንጂ! አስተዋይነቱ ከትከሻው ያስታውቃል።

አጎት፦ ኮቱ ነው። ኮቱ ጥሩ ነበር።

ሰነድ ጠባቂዋ፦ የምን ኮት! አንዴ እንኳ ፊቱን ቢያዞር ምን ነበረበት?

አጎት፦ ወደ ካሜራ ማየት ክልክል ነበራ።

ሰነድ ጠባቂዋ፦ [ወደ አንሶላው ጠጋ ብላ] ሰውን ሁሉ ሲቀርጽ ኖሮ ለእኔ አንድ የሚንቀሳቀስ ፊት ሳያስቀርልኝ ሄደ። ፎቶስ ሞልቷል፤ ፎቶ ግን አይራመድም። ያለኝ ይሄ ጀርባ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገ የማሳየው እሱን ነው። በል መቀሱን አቀብለኝ፣ ሞኙን ቆርጬ ላውጣው።

አጎት፦ ሌላ ቅጂ አለው?

ሰነድ ጠባቂዋ፦ የለውም። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ብቸኛ ቅጂ ሲቆርጥ ያገኘሁትን ሰው ሳላባርረው አላድርም ነበር። ግን አባቴ እየታሰበ አዳራሽ ሙሉ ሰው ጥርሱን እንዲያገጥ አልፈልግም። መቀሱን!

[አጎት ጠረጴዛውን ይዳብሳል፣ መደርደሪያውን ይዳብሳል። በመጨረሻ ተነስቶ መቀሱን ከተቀመጠበት ወንበር ላይ ያገኘዋል። ይሰጣታል። እሷ ፕሮጀክተሩን አቁማ ፊልሙን ትስባለች፤ መቀሱን ትከፍታለች።]

አጎት፦ ኧረ እንዴት ይሆናል ልጄ? ሰዉ የሚመጣው ለእሱ ብሎ አይደል? እሱን ቆርጠሽ ጥለሽ የእኔን ጀርባ ልታሳያቸው ነው?

[ከፊልሙ ቀና ትላለች።]

ሰነድ ጠባቂዋ፦ የማንን ጀርባ?

አጎት፦ የእኔን። ኮቱ ግን የእሱ ነበር።

ሰነድ ጠባቂዋ፦ ማስረጃ አለህ?

አጎት፦ የምን ማስረጃ? ጀርባዬ ይኸውልሽ!

[ይዞርና ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል፣ ምንጣፉን ቀስ ብሎ ይሻገራል። ያው ነው፤ ግርማው ሳይቀር።]

ሰነድ ጠባቂዋ፦ ታዲያ… ሞኙ?

አጎት፦ ወንድሜ ነዋ! የምታውቂ መስሎኝ! ከሁለታችን ሌላ ማን ነበረ? ጢሙ የውሸት፣ ቦርጩ ትራስ። ካሜራው እንደ ሰዓት በእጅ ተሞልቶ ለብቻው የሚሠራ ነበር፤ ሞልቶት፣ ሳይቆምበት ሮጦ ይገባል። ገብቶም ደመናው ፀሐዩን እንዳይጋርድበት ቀና ብሎ ያያል። በዚህ መሀል ቦዩን ይረሳዋል።

[መቀሱ እጇ ላይ እንደተከፈተ ቀረ። አባቷ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ በሩ ላይ ቆም ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማይ ያይ ነበር። እሷ ደግሞ ዝናብ የሚፈራ መስሏት ጃንጥላ ስታቀብለው ኖራለች።]

አጎት፦ አንዴማ «ሞኙን እኔ ልሥራው» ብዬው ነበር። «አንተ ከሠራኸው ትወና አይሆንም» አለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ተከብሬበት ኖሬያለሁ።

ሰነድ ጠባቂዋ፦ እኔ ደግሞ «ማንነቱ ያልታወቀ ሞኝ» ብዬ…

አጎት፦ አሁንማ ታወቀ።

ሰነድ ጠባቂዋ፦ ማን ሆነና?

አጎት፦ [መቀሱን ከእጇ እየወሰደ] እሱን እንኳ እኔን አታናግሪኝ።

[ፊልሙን መልሳ ታጠነጥነዋለች፤ ፕሮጀክተሩ ይንጣጣል። ሰውዬው እያለከለከ ሮጦ ይገባል፣ ቆም ብሎ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሰማይ ያያል። ሰነድ ጠባቂዋ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ትከሻዋ ግን እምቢ ብሏል።]

አጎት፦ አትሳቅ ስትይኝ አልነበር?

ሰነድ ጠባቂዋ፦ ዝም በል ጋሼ! አባዬ ሊወድቅ ነው!