ቦራ የሰጠው ምጽዋት

(ዘመኑ የጃንሆይ፣ አገሩ ጋይንት፣ ወሩ ሰኔ ነው። ቀለመ ወርቅ እዚያው ጋይንት ባለው በቤተ ልሔም ደብር አንድ ክረምት ዜማ ተምሮ የተመለሰ ጎበዝ ነው፤ የተማረው ጥቂት፣ የሚያስተምረው ብዙ ነው። ጎረቤቱን ጓዴን ሰው ሁሉ ሞኝ ይለዋል፤ እሱም ተከራክሮ አያውቅም። እያንዳንዳቸው አንዳንድ በሬ ስላላቸው ሲያርሱ ያቀናጃሉ። ማለዳ ላይ ቦራ የሚባለውን የቀለመ ወርቅን በሬ ከበው ቆመዋል።)

ቀለመ ወርቅ፦ ተላጧል እኮ! ጫንቃው ተላጧል!

ጓዴ፦ አልተላጠም። ሻከር ብሎ ነው።

ቀለመ ወርቅ፦ ትናንት ሲግጥ የዋለ በሬ ጫንቃውን ምን ነካው?

ጓዴ፦ ሣሩ ረጅም ነበር።

ቀለመ ወርቅ፦ ሣር ጫንቃ ይልጣል?

ጓዴ፦ እኔ ምን አውቄ? የተማርኸው አንተ።

(«የተማርኸው» ሲባል የቀለመ ወርቅ ቁጣ ይበርዳል። ዱላውን እንደ መቋሚያ ይደገፋል።)

ቀለመ ወርቅ፦ መማርስ ተምሬያለሁ። ትናንት ቤተ ልሔም ድረስ በእግሬ የሄድሁት ለምን ይመስልሃል?

ጓዴ፦ እንጃ። በሬዬን ጠብቅልኝ ብለኸኝ ሄድህ።

ቀለመ ወርቅ፦ ለእትዬ የሻረግ ልጸልይ ነዋ! ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳቸው ጦም ሊያድር ነው። ሰኔ እያለቀ፣ የገብሱ ዘር ጎታ ውስጥ እንደተቀመጠ። አንጀቴን በሉት!

ጓዴ፦ በሬህን አውሰኝ ሲሉህ ግን እንቢ አልህ።

ቀለመ ወርቅ፦ በሬ ማንም ይሰጣል። ሃይማኖት ያለው ጸሎት ይሰጣል።

ጓዴ፦ ጸሎት ያርሳል?

ቀለመ ወርቅ፦ አይ ጓዴ! ተራራ የሚነቅል እምነት የአንዲት መበለት ማሳ ያቅተዋል? ደግሞ ምጽዋት በስውር ነው። ቀኝህ ሲሰጥ ግራህ ማወቅ የለበትም።

ጓዴ፦ (አሰብ አድርጎ) ግራም ቀኝም ባያውቁስ?

ቀለመ ወርቅ፦ እንዴት ሆኖ?

ጓዴ፦ ሰጪው ራሱ ባያውቅ።

ቀለመ ወርቅ፦ እሱማ ዋጋው እጥፍ ነው! ከዚያ በላይ ምጽዋት የለም።

ጓዴ፦ ተመስገን። ጨንቆኝ ነበር።

ቀለመ ወርቅ፦ ምኑ?

ጓዴ፦ ጸሎትህ ደርሷል።

ቀለመ ወርቅ፦ (አማትቦ) አላልሁህም? ማሳው ታረሰ?

ጓዴ፦ እኩሌታው።

ቀለመ ወርቅ፦ በማን በሬ?

(ጓዴ ቦራን ያያል። ቦራ ቀለመ ወርቅን ያያል።)

ቀለመ ወርቅ፦ ጓዴ!

ጓዴ፦ ከእኔ ዳልቻ ጋር ጠመድኋቸው። በዓል እንዳልሆነ ቄሱን ጠይቄያለሁ። እትዬ የሻረግ ቦራን ሲያዩ እንባቸው መጣ። «የቀለመ ወርቅ ከብቱ ይርባ፣ ጎታው አይጉደል» ብለው መረቁህ። ጭቃ ሹሙ ሳይቀር ሰማ።

ቀለመ ወርቅ፦ (ቁጣው መሃል መንገድ ላይ ቆሞ) ጭቃ ሹሙ? ምን አለ?

ጓዴ፦ «ለካስ ቀለመ ወርቅም ሰው ነው» አለ።

ቀለመ ወርቅ፦ ቢሆንስ! ሳትነግረኝ?

ጓዴ፦ ዋጋህን እንዳላጎድልብህ ነዋ። አሁን አወቅህ፤ እጥፉ ቀረ።

ቀለመ ወርቅ፦ በል ስማ! ዛሬ ቤተ ልሔም የለ፣ የትም የለ! ከቦራ ጎን ንቅንቅ አልልም!

ጓዴ፦ እሰይ! የቀረውን ማን ያግዘኛል ስል ነበር። (ቀንበሩን ያነሳል።) እንግዲያው ዛሬ ዕርፉን አንተ ያዝ፣ ጸሎቱን ለእኔ ተወው። አቡነ ዘበሰማያትን እስከ እኩሌታው አውቀዋለሁ፤ የቀረውም ማሳ እኩሌታው ነው።