ጎማ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

[የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ። ሹፌሩ «ጣልያንኛ እንደ ውሃ ነው የምጠጣው» ብሎ ጣልያናዊቷ መሐንዲስ ዘንድ ሥራ ሊይዝ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ዛሬ የሙከራ ቀኑ ነው፤ ካለፈ ተቀጠረ፣ ከወደቀ ተባረረ። እሷ ቢሮ ውስጥ ፕላን ትስላለች። እሱ ደጅ ላይ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ከዘበኛው ጋር ይጨቃጨቃል።]

ዘበኛ፦ ኧረ ወንድሜ፣ የሰው መኪና ድንጋይ ላይ ታስቀምጣለህ?

ሹፌር፦ በመስኮት «ጎማ፣ ጎማ» ሲሉ አልሰማህም? በጣልያንኛ ጎማ ማለት ጎማ ነው።

ዘበኛ፦ በኛስ?

ሹፌር፦ ከነሱ ወስደን ነዋ! አንተ በርህን ጠብቅ።

[ጎማውን እያንከባለለ ይገባል። ጩኸት። እያንከባለለ ይመለሳል።]

ዘበኛ፦ አልወደዱትም?

ሹፌር፦ በጣታቸው «ትንሽ» አሉኝ። ትንሽ ያለቀውን ማለታቸው ነው!

[የኋላውን ፈትቶ ይገባል። የባሰ ጩኸት። ላቡን እየጠረገ ይወጣል።]

ዘበኛ፦ አሁንስ?

ሹፌር፦ ወረቀቱን በጣታቸው እሽት እሽት አደረጉት። ጉድ ፈላ!

ዘበኛ፦ ልጄም የቤት ሥራዋን ስትሳሳት እንደዛ ታደርጋለች። በላጲስ።

ሹፌር፦ [ግንባሩን ይመታል] ይኸውልህ፣ ልነግርህ ስል ቀደምከኝ! ጎማ ማለት ላጲስ ነው!

ዘበኛ፦ ጎማ ነው አላልክም እንዴ?

ሹፌር፦ እሱ ለጀማሪ ነው!

[ከጸሐፊዋ ሁለት ላጲስ ለምኖ ይገባል። «ብራቮ!» ይሰማል። ደረቱን ነፍቶ ይወጣል፤ አንዱ ላጲስ ኪሱ ውስጥ ነው።]

ሹፌር፦ ሰማህ? ተቀጠርኩ በለው! ከዛሬ ጀምሮ ጎማ ካሉ ላጲስ ነው። በቃ!

ዘበኛ፦ እነዚህን የፈታሃቸውንስ ምን እንበላቸው?

ሹፌር፦ አቦ አታድርቀኝ!

[መሐንዲሷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትወጣለች። መኪናዋን ስታይ ክው ትላለች። «ጎማ! ጎማ!»]

ዘበኛ፦ ወንድሜ፣ አሁንስ የምር ጎማ ነው የሚሉት።

ሹፌር፦ ዝም በል፣ አታሰድበኝ! [ላጲሱን በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ] ይኸው እመቤቴ፣ ጎማ!

[ላጲሱን አየችው፣ መኪናዋን አየች። ጣቱ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪናውን ቁልፍ መንጭቃ ወስዳ በሩን በጣቷ አሳየችው።]

ሹፌር፦ ምን ማለታቸው ነው?

ዘበኛ፦ [በሩን እየከፈተለት] ለዚህኛውስ ጣልያንኛ አያስፈልግም።