ሰው እንዳይገባበት የተቀባ ቤት

እናንተዬ፣ ቤት አከራይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም፤ የሰው ቤት ለኪራይ ማዘጋጀት ግን አድክሞኛል። ዓለም ባንክ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት እትዬ አሰለፈች ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ሊያከራዩ አስበው ቀለም እንድቀባላቸው ለመኑኝ። ልጆቻቸው ርቀው ሄደዋል፤ ብቻቸውን ናቸው። እምቢ እንዴት ይባላል?

ቀባሁ። ነጩ አልጠራም ብለው አስደገሙኝ። ከዚያ ተከራይ መምጣት ጀመረ፤ እትዬም የመጣውን ሁሉ መመለስ ጀመሩ። ምግብ የሚያበስል ግድግዳ ያጠቁራል፤ ላጤ እንግዳ ያበዛል። አንዱን ጨዋ አስተማሪማ «ግድግዳ ትደገፋለህ?» ብለው ጠየቁት። እንዲህ ያለ አከራይ አላጋጠማችሁም? ቤቱን የሚያከራዩት ሰው እንዳይገባበት ነው መሰለኝ።

ባለፈው ወር እንደገና እየቀባሁ ሳለ፣ ደላላ የላካት አንዲት እርጉዝ መጣች። የነበረችበት ቤት አከራይ ሕፃን አልፈልግም ብሎ አስወጥቷታል። እትዬ ሆዷን አይተው፣ «የኔ ልጅ፣ ቤቱ እንኳ አዲስ ቀለም...» ማለት ሲጀምሩ፣ ልጅቷ ደክሟት ኖሮ እርጥቡን ግድግዳ ተደገፈች።

እኔ ብሩሼን እንደያዝኩ ቀረሁ። የጀርባዋ ቅርጽ ግድግዳው ላይ፣ ቀለሙ ሹራቧ ላይ ታተመ።

«ይቅርታ እማማ፣ እርጥብ መሆኑን አላየሁም» አለች፤ እንባዋ መጣ።

እትዬ ግድግዳውን አዩ፤ ልጅቷን አዩ።

«ውይ፣ ሹራብሽ ተበላሸ! አውልቂውና ልጠብልሽ። እስኪደርቅ እዚሁ ቁጭ በይ» አሉ።

ሹራቡ ከደረቀ ሰነበተ፤ ልጅቷ ግን እስካሁን አልሄደችም። ትናንት የሕፃን አልጋ ገባ። ግድግዳውን ደግሞ የቀባው ማን ይመስላችኋል?